የመኪናችንን ዳሽቦርድ በገዛ እጃችን የምናበላሽባቸው ስህተቶች

ያገለገለች ቪትዝ እንደገዛሁ የመጀመሪያውን ቅዳሜ በቀጥታ ላቫጆ ወሰድኳትና «ውስጧንም አብርቁልኝ» አልኩ። ልጆቹ አንድ ቅባት ነገር በስፖንጅ ዳሽቦርዱን፣ በሮቹን፣ መሪውን ሳይቀር ቀቡልኝ። በጣም አማረች። ወደ ቤት ስመለስ የአሥር ሰዓት ፀሐይ ከፊት መጣችና ዳሽቦርዱ ብርሃኑን መልሶ የፊት መስታወቱ ላይ ረጨው። ዜብራ ላይ የነበሩትን እናት ያየኋቸው አጠገባቸው ስደርስ ነው። ፍሬኑ ያዘልኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እጄ ሲንቀጠቀጥ ቆየ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ጉዳይ እንደ ቀላል ነገር አላየውም።

አዲስ መኪና ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ዳሽቦርዱ አያብረቀርቅም። ደብዘዝ ያለ ነው። ፋብሪካው እንዲህ የሠራው የሾፌሩ ዓይን እንዳይወጋ ብሎ ነው። እኛ ግን ንጹሕ ማለት የሚያብለጨልጭ ይመስለናል፤ አብዛኛው ጥፋት የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ያልጸዳ ነገር ላይ ማብሪያ መቀባት

በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ ማብሪያዎች የሲሊኮን ዘይት ያለባቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከነዳጅ የተገኘ ማሟሟያ አላቸው። ዘይቱ ላዩ ላይ ይቀራል። አቧራው ይለጠፍበታል። በሦስተኛው ቀን መኪናችሁ ከመታጠቧ በፊት ከነበረችው የባሰች ትሆናለች፣ ከዚያ እንደገና ይቀባል፣ እንደገና አቧራ ይይዛል፣ ከዓመት በኋላ በጥፍራችሁ ብትፍቁት ጥቁር ጭቃ የሚመስል ነገር ይወጣል። ቅቡ ያረፈው ቆሻሻው ላይ ነበርና።

መሪ፣ ማርሽ እና ፔዳል ላይ ደግሞ ጭራሽ እንዳይነካ። የሚያንሸራትት የፍሬን ፔዳል ሰው ይገድላል። ላቫጆ ስትሄዱ «መሪና ፔዳል ላይ እንዳትቀቡ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ልጆቹ ለእናንተ ደስ እንዲላችሁ ብለው ነው የሚያደርጉት፣ ከነገራችኋቸው ይሰማሉ።

አቧራን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ

ጠዋት ተነስተን ከበሩ ኪስ ያቺን ደረቅ ጨርቅ አውጥተን ዳሽቦርዱን ሸርተት እናደርጋለን። ሁላችንም እናደርገዋለን። የመንገድ አቧራ ግን ዱቄት አይደለም፤ ውስጡ የአሸዋና የድንጋይ ብናኝ አለ፣ በተለይ ግንባታ ባለበት ሰፈር ለምትኖሩ። በደረቁ ስትፈትጉት ፕላስቲኩን በቀጭኑ ይሞነጭረዋል። አንድ ቀን አይታይም። በዓመት ውስጥ ግን በተለይ ጥቁርና ለስላሳ የሆነው ክፍል ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት የጭረት መረብ ታያላችሁ።

መጀመሪያ አቧራውን አንሱት። ቫኪዩም ካለ በቫኪዩም፣ ከሌለ ደግሞ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። ብሩሹ አየር የሚወጣባቸው ክፍተቶች ውስጥ ስለሚገባ ከማንኛውም ጨርቅ ይሻላል። ከዚያ ረጠብ ባለ ማይክሮፋይበር ጨርቅ።

በረኪና፣ ኦሞ፣ ቤንዚን

ይሄኛው ላይ ረዘም ልበል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ አይመለስም።

ቪኒል የምንለው፣ ብዙዎቻችን «ሌዘር» እያልን የምንጠራው የወንበር ልባስ፣ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ በተፈጥሮው ድርቅ ያለ ነው፤ የውኃ ቧንቧ የሚሠራውም ከዚሁ ነው። ወንበር ላይ ለስላሳ የሆነው ማለስለሻ ኬሚካል ስለተጨመረበት ብቻ ነው። ሙቀት ይህን ማለስለሻ ቀስ በቀስ ያወጣዋል። መኪናችሁ ፀሐይ ላይ ውላ የፊት መስታወቱ በውስጥ በኩል ጭጋግ የመሰለ ቅባት ይዞ አይታችሁ ከሆነ፣ አንዱ ምክንያት ከፕላስቲኩ የወጣው ይህ ነገር ነው። ቤንዚንና ቲነር ደግሞ በአንድ ቀን ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ቆሻሻውን ከነማለስለሻው ጠርገው ይወስዱታል። በረኪና ቀለሙን ያገረጣዋል፣ ስፌቱንም ክሩን ይበላዋል።

አጎቴ ሚኒባስ ታክሲ አላቸው። ወንበሮቹ በየሳምንቱ በረኪና በገባበት ውኃ ነበር የሚታጠቡት፣ ሽታ እንዳይኖር ብለው። በሁለት ዓመት ውስጥ ጠርዝ ጠርዙ ተሰነጣጠቀ። «ዕቃው ነው እንጂ የማይረባው» ይሉ ነበር። «ጋሼ፣ በረኪናው እኮ ነው የጨረሰብዎት» ብያቸው ወንበሮቹን እንደገና ካለበሱ በኋላ ወደ ለዘብተኛ ሳሙና ተመለሱ፤ አሁን ልባሱ ደህና ነው።

የዱቄት ሳሙናም ቢሆን ጥሩ አይደለም። በደንብ ካልሟሟ ይፍቃል፣ በደንብ ካልታጠበ ነጭ ሆኖ ይደርቃል። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ነው። ጨርቁን ነክራችሁ በደንብ ጭመቁት፣ ጥረጉ፣ በንጹሕ ውኃ በረጠበ ሌላ ጨርቅ ሳሙናውን አንሱ፣ አድርቁ። አዲስ ነገር ስትሞክሩ ደግሞ መጀመሪያ ከወንበሩ ሥር፣ ሰው በማያየው ቦታ።

ቫዝሊን እና የምግብ ዘይት

አይሆንም። አቧራ ይሰበስባል፣ የምግብ ዘይት ደግሞ ሙቀት ላይ ይበላሻል፣ ይሸታል።

ፈሳሹን በቀጥታ መርጨት

የመስኮት ማውረጃው ቁልፍ፣ የቴፑ ቁልፎች፣ የድምፅ ማጉያው ወንፊት፣ ሁሉም ቀዳዳ አላቸው። ጨርቁ ላይ ርጩና በጨርቁ ጥረጉ።

ፕላስቲክን ሁሉ እንደ አንድ ማየት

የፍጥነት መለኪያውን የሚሸፍነው መስታወት የሚመስለው ነገር መስታወት አይደለም። ግልጽ ፕላስቲክ ነው፣ ቶሎ ይጫራል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ሲነካው ደግሞ ሊደበዝዝና በጣም ቀጭን ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። ትልልቅ ስክሪን ይዘው የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ላይ እንዲሁ ነው፤ ስክሪኑ የማያንጸባርቅ ቅብ ሊኖረው ስለሚችል ለብቻው የተቀመጠ ንጹሕ ማይክሮፋይበር ይበቃዋል።

ሌላው የሚያሳስተን የሚለጠፍ ዳሽቦርድ ነው። አንዳንድ የ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ሠራሽ መኪኖች ላይ እጃችሁን ስታሳርፉ ማር የነካችሁ ያህል ይይዛል። ቆሻሻ መስሏችሁ አትፈትጉት። ፕላስቲኩ ራሱ በሙቀትና በእርጥበት እየፈረሰ ነው። በአሜሪካ ቶዮታ ለተወሰኑ ሞዴሎቹ ልዩ የዋስትና ፕሮግራም ከፍቶ እንዲህ የሆኑ ዳሽቦርዶችን በነፃ ይቀይር ነበር። አምራቹ ራሱ የቀየረውን ነገር በጨርቅና በሳሙና አንመልሰውም። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አንስቶ ከላዩ ማልበሻ ማድረግ ይሻላል።

ማጂክ ስፖንጅ የሚባለው ነጩ ስፖንጅም ለመኪና ውስጥ አይሆንም። ቆሻሻ የሚያነሳው እንደ በጣም ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ ነው፣ ፕላስቲኩ ላይ ያለው ልሙጥነት አብሮ ይሄዳል።

ፀሐይ ላይ ማጽዳት

የጋለ ዳሽቦርድ ላይ ሳሙናው ሳትጠርጉት ይደርቃል፣ መስመር መስመር ይሠራል። ጥላ ሥር፣ ጠዋት። ክረምት ላይ ደግሞ ወንበሩ ረጥቦ በሩን አትዝጉ፤ ሻጋታው ስፌቱ ውስጥ ይገባል።

መከላከል ማለት መቀባት ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

ጥሩ መከላከያ አለ። በውኃ የተሠራ፣ የማያብረቀርቅ፣ አልትራቫዮሌት የሚባለውን የፀሐይ ጨረር ይከላከላል የሚል ፈልጉ። ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ በስሱ ቀቡ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ አንሱ። በእጃችሁ ስትነኩት ቅባት ከተሰማችሁ በዝቷል። በወር ተኩል አንዴ በቂ ነው።

ግን ትልቁ ጠላት ፀሐይ ነው፣ እሷን ደግሞ በቅባት ብቻ አንችላትም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል፣ ይጎዳል። አሪዞና ውስጥ ተመራማሪዎች እንደለኩት ደግሞ ሞቃት ቀን ላይ ለአንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆሙ መኪኖች ዳሽቦርድ በአማካይ 69 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል። ዱባይ ወይም ሪያድ ያላችሁ ይህን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ጥላ ፈልጋችሁ አቁሙ። ካልተገኘ የፊት መስታወቱን በሚታጠፍ ብርማ መጋረጃ ሸፍኑ፤ እሱ ከሌለ ካርቶንም ይሠራል። ጎረቤቴ ያረጀች ኮሮላ አላቸው፣ መኪናቸውን ባቆሙ ቁጥር ያቺን የተጣጠፈች ካርቶን ሳያደርጉ አይወርዱም። ዳሽቦርዳቸው ላይ አንድ ስንጥቅ የለም።