ኮንዶሚኒየም ከመፈረማችሁ በፊት፦ ትኩስ ቀለም የተቀባ ጣሪያ

ካርታውንና የባንክ እዳውን አጣርታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ሌላው ቤት አሮጌ ቀለም፣ የሻወር ቤቱ ጣሪያ ብቻ አዲስ

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። መዳፋችሁን ለጥፉበት። ከሌላው ግድግዳ ይልቅ ከቀዘቀዘ በጥፍራችሁ ቧጨር አድርጉት። ቀለሙ ተልጦ ከስሩ ነጭ ዱቄት ከረገፈ፣ ያ ዱቄት ውሃ ከሲሚንቶው ያወጣው ጨው ነው፤ ከላይኛው ቤት ውሃ ይሰርጋል ማለት ነው።

አንዱ ሻጭ «ዛሬ ውሃ የለም፣ ፈረቃችን ነገ ነው» አለን። ጎረቤት ስናንኳኳ ውሃው ይንዠቀዠቃል። ለካ ፍሳሹ እንዳይታይ ጌት ቫልቩን (የውሃ መዝጊያውን) ዘግቶታል። ሌላው ደግሞ ጣሪያው እስኪደርቅ የላይኞቹን ገላችሁን ሌላ ቦታ ታጠቡ ብሎ ለምኗቸው ነበር። የገዢውን የዓመታት ቁጠባ ለመብላት ይህን ያህል መድከም ያናድዳል።

ምክንያት፦ የላይኛው ሻወር ቤት ሴራሚክ ሲነጠፍ ከስሩ ውሃ መከላከያ አልተቀባም። ውሃው በሴራሚኩ መጋጠሚያና በማፍሰሻው ዙሪያ ይሰርጋል።

መለያው፦ ላይኞቹን አስፈቅዱ። ማፍሰሻውን በፌስታልና በጨርቅ ድፈኑ፣ በሩን ገድቡ፣ ወለሉ ላይ ሁለት ጣት ውሃ አስተኙ። 24 ሰዓት ጠብቁ። ከታች ካረጠበ ጥፋቱ የወለሉ ነው። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ የላይኛው ቤት የውሃ ቆጣሪ ከዞረ ግን መስመሩ ያፈሳል።

መፍትሄ፦ ሴራሚኩ ይነሳል። ወለሉ ይድረቅ፣ መከላከያው ሁለት ጊዜ ይቀባ፣ ግድግዳውም ላይ ቢያንስ 20 ሴንቲሜትር ይውጣ። ሴራሚክ ከመመለሱ በፊት እንደገና ውሃ ይተኛበት። ሲሊኮን ብቻ ይዞ የመጣ ባለሙያ ካለ አሰናብቱት። ከታች ቀለም መደራረብም ጥገና አይደለም!

ስራው ሰው ቤት ውስጥ ስለሆነ ሻጩ የጎረቤቱን ፈቃድ በጽሁፍ ያምጣ። ውልና ማስረጃ ከመሄዳችሁ በፊት፣ እንዲያውም ቀብድ ሳትከፍሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ከፍሎ ከውሉ የሚወጣ ገዢ ቀብዱ ይቀርበታል።

ሌሎቹ

ከማፍሰሻ ሽታ፦ ከስሩ ያለው ጠማማ ቱቦ ደርቋል። አንድ ጣሳ ውሃ ጨምሩ። ካልጠፋ ቱቦው ጭራሽ ሳይገጠም ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ከመስኮት ጥግ የሚነሳ ሰያፍ ስንጥቅ፦ በተለይ ጥቁር አፈር ላይ በተሰራ ግቢ ቤት። አፈሩ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ሳንቲም የሚያስገባ ከሆነ መሐንዲስ ሳያየው አትፈርሙ።

የሚሞቅ ሶኬት፦ ምጣድ ሰክታችሁ ግማሽ ሰዓት አግሉ። ሶኬቱ ከጋለ ወይም ፕላስቲክ ከሸተተ ሽቦው ቀጭን ነው ወይም ላልቷል። ራሳችሁ አትፍቱት፤ ኤሌክትሪሺያን መስመሩን ከብሬከሩ ጀምሮ ይቀይረው፣ ወጪውም ከዋጋው ይቀነስ።