አሮጌው ዴስክቶፕ አዲሱን ራም እምቢ ሲል

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በየቤቱ የሚያገለግል አሮጌ ዴስክቶፕ ብዙ ነው። ልጆች የቤት ሥራ ይሠሩበታል፤ ተመራቂ ተማሪ ጽሑፉን ያዘጋጅበታል። ብሮውዘር ሲከፈትበት ግን ይንቀራፈፋል። እንዲህ ላለ ማሽን ራም (ማሽኑ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት የማስታወሻ ካርድ) መጨመር በትንሽ ወጪ ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ እኔም አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት በፊት የምመክረው እሱን ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከተጨመረ በኋላ ነው። ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል። ወይ ማሽኑ ጢጥ ጢጥ ይላል። ወይ የገዛነው 4 ጊጋ 2 ሆኖ ይታያል። ያኔ «የተበላሸ ራም ሸጡልኝ» ማለት ይቀላል። ብዙ ጊዜ ግን ራሙ ደህና ነው፤ አልስማማ ያለው ዓይነቱ ወይም አገባቡ ነው። ይህን ደግሞ አንድ ካቻቢቴ ይዞ ቤት ውስጥ ማጣራት ይቻላል።

ከመንካታችሁ በፊት

ማሽኑን አጥፉና ገመዱን ከሶኬቱ ንቀሉ። ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ገመዱ እስካለ ድረስ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ኃይል ይቀራል። ከነቀላችሁ በኋላ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙት፤ የቀረው ይወጣል።

በበጋ አየሩ ደረቅ ነው። በደብረ ማርቆስ ብርድ ደግሞ ሹራብ የማይለብስ የለም። የሱፍና የናይለን ልብስ በሰውነት ላይ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ያ ነገር እኛ ሳይሰማን ራም ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሹራቡን አውልቁ፤ በየመሀሉም ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት ንኩ። ራሙን በጠርዙ ያዙት እንጂ ወርቃማ ጥርሶቹን በጣት አትንኩ።

አሮጌውን መልሱት

አዲሱን አውጡና ማሽኑን እንደ ድሮው አድርጋችሁ አብሩት። በአሮጌው ራም ከተነሣ ማዘርቦርዱም ፓወር ሳፕላዩም ደህና ናቸው፤ ጥያቄው አዲሱ ራም ላይ ነው። በአሮጌውም ካልተነሣ ስትሠሩ የተነቃነቀ ነገር አለ። የሞኒተሩን ገመድ፣ ግራፊክስ ካርድ ካለው እሱን፣ ከዚያም የራሙን አገባብ ተመልከቱ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ የአባይ በረሃን አቋርጦ የመጣ ማሽን ከሆነ ማንም ሳይነካውም ራሙ ሊላቀቅ ይችላል።

ራም ሲገባ ሳጥኑን በጎኑ አጋድሙት። የስሎቱን፣ ማለትም ራሙ የሚሰካበትን ቦታ፣ መያዣዎች ወደ ውጭ ክፈቱ። በራሙ ጥርሶች መሀል ያለው ክፍተት ስሎቱ ውስጥ ካለው ጉብታ ጋር ይግጠም። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣት እኩል ተጫኑ። በትክክል ሲገባ መያዣዎቹ ራሳቸው ቀጭ ብለው ይዘጋሉ። ብዙ ሰው ሰበርኩት ብሎ ስለሚፈራ ግማሽ ላይ ይተወዋል፤ ጨለማ ስክሪን የሚያመጣውም አንዱ ይህ ነው።

ክፍተቱ ካልገጠመ ግን አትታገሉ። ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 የሚባሉት የራም ዓይነቶች ርዝመታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም 240 ጥርስ አላቸው። ክፍተታቸው ያለው ግን የተለያየ ቦታ ላይ ነው፤ ቮልቴጃቸውም ይለያያል፦ የመጀመሪያው 1.8፣ ሁለተኛው 1.5 ቮልት ነው። አንዱ በሌላው ቦታ በምንም መንገድ አይሠራም።

አቧራም ችላ አይባልም። ስሎቱን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ። የራሙን ጥርሶች በነጭ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ እሹና ብናኙን ከስሎቱ ርቃችሁ አራግፉ። አልኮል የምትጠቀሙ ከሆነ ከፋርማሲ የተገዛ ይሁን፤ ከመግባቱ በፊት ጨርሶ ይድረቅ። ቤት ያለ አረቄ ለዚህ አይሆንም።

አንድ በአንድ

አሁን አዲሱን ራም ብቻውን፣ አሮጌው የነበረበት ስሎት ላይ አስገቡት። ያ ስሎት እንደሚሠራ አረጋግጣችኋል። ከተነሣ ራሙ ደህና ነው። ካልተነሣ ራሙ ወይ የተበላሸ ነው ወይ ከማሽኑ ጋር አይስማማም።

ቀጥሎ አሮጌውን ወደ ሁለተኛው ስሎት አዛውሩትና ብቻውን ሞክሩት። እዚያ ካልተነሣ ችግሩ የስሎቱ ሳይሆን አይቀርም። ለየብቻ ሠርተው አንድ ላይ ሲሆኑ እምቢ ካሉ ደግሞ አብረው መኖር ያልቻሉት ሁለቱ ራሞች ናቸው። ፍጥነታቸው መለያየቱ ብቻውን ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ 667 እና 800 አብረው ሲገቡ ሁለቱም በ667 ይሄዳሉ። በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሁለት ነገር አንድ ላይ የቀየረ ሰው ማሽኑ ቢነሣም የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ማሽኑ ጢጥ ካለ ስንት ጊዜ እንዳለ ቁጠሩ። የድምፁ ትርጉም እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ብዙዎቹ አሮጌ የኤችፒ ዴስክቶፖች የራም ችግር ሲኖር 5 ጊዜ ይጮኻሉ፤ ቀይ መብራትም 5 ጊዜ ብልጭ ይላል።

ጥቁሮቹን ቺፖች ቁጠሩ

ሰው ገንዘቡን በከንቱ ሲያወጣ የማየው እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ሄዶ «ዲዲአር 3፣ 4 ጊጋ» ይላል። ባለሱቁ የተባለውን ይሰጣል። ራሙ ስሎቱ ውስጥ ልክ ብሎ ይገባል፤ ማሽኑ ግን አይነሣም ወይም ግማሹን ብቻ ያያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ባለ 4 ጊጋ ራም በ16 ቺፕ ሊሠራ ይችላል፤ በእያንዳንዱ ጎን 8። አዳዲሶቹ ደግሞ ያንኑ 4 ጊጋ በ8 ቺፕ ብቻ ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ ቺፕ እጥፍ ይሸከማል። አንዳንድ አሮጌ ማዘርቦርድ እነዚህን ትልልቅ ቺፖች ማንበብ አይችልም። ኢንቴል ጂ 41 የሚባል ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ መቆጣጠሪያ ቺፕ) ያለበት ማዘርቦርድ ዋናው ምሳሌ ነው፤ ለሱ ባለ 16 ቺፑን ፈልጉ። ፕሮሰሰሩ ኤኤምዲ ለሆነ ማሽን ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ዲዲአር 2 ራምም አለ፤ ኢንቴል ላይ አይሠራም። የጂ 31 ማዘርቦርድ ከሆነ ደግሞ በጠቅላላው ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም፤ ከዚያ በላይ መግዛት ብክነት ነው።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ራም ይዛችሁ ሂዱ። ማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈውን ስምና ቁጥርም በስልክ ፎቶ አንሱ። ከተቻለ ሳጥኑን ራሱን ይዞ ሄዶ እዚያው ማስሞከር ከሁሉም ይሻላል።

ተነሥቶ ግን ሲያንስ

መጀመሪያ ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ገብታችሁ ስንት ጊጋ እንደሚል እዩ። እዚያም ካነሰ ጉዳዩ የራሙ ወይም የማዘርቦርዱ ነው። ገመዱን ነቅላችሁ፣ ክቧን ሲአር 2032 ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሷት፤ ባዮሱ የድሮውን ረስቶ እንደ አዲስ ይቆጥራል። ቀንና ሰዓቱም አብሮ ስለሚጠፋ በፈረንጅ አቆጣጠር አስተካክሉት፤ አለዚያ ብዙ ድረ ገጾች አይከፈቱም። ባዮሱን አፕዴት ማድረግ ግን መብራት በሚቆራረጥበት ቤት አልመክርም። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል።

ባዮስ 4 ብሎ ዊንዶውስ 3 ገደማ ካለ ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ነው። እሱ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ፕሮሰሰሩ የሚችል ከሆነ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል፤ ሲጫን የነበረው ሁሉ ሊጠፋ ስለሚችል ፎቶና ጽሑፉን አስቀድማችሁ ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ዊንዶውስ 7 ስታርተር ከሆነ ከ2 ጊጋ በላይ አይጠቀምም።

በመጨረሻ፣ ማሽኑ ተነሥቶ ቆይቶ ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ ወይም ራሱን ካጠፋ ራሙን ፈትሹት። ስታርት ላይ ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክን ፈልጉ፤ ወይም ሜምቴስት 86ን ከፍላሽ አስነሡ። ማታ ጀምራችሁት ብታድሩ ጥሩ ነው። ሜምቴስት ሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም ስለማይጽፍ መሀል ላይ መብራት ቢጠፋም ፋይል አይጎዳም፤ እንደገና መጀመር ብቻ ነው። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ራሞቹን ለየብቻ ፈትኑ። ስህተቱ የአዲሱ ሆኖ ከተገኘ ስክሪኑን ፎቶ አንሱና ራሙን ወደ ገዛችሁበት ሱቅ መልሱት።