ትንሽ ትራይኮፕተር የሚከሰከሰው በጭራው ነው፦ ሠሪዎች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

ትራይኮፕተር፣ ማለትም ሁለት ሞተር ከፊት፣ አንድ ደግሞ ከኋላ ጭራው ላይ ያለውን ባለ ሦስት ሞተር ድሮን፣ በራሱ እጅ ሠርቶ ለማብረር የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ሞተሩና ስለ ክንዶቹ ነው። ጭራው የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ እቃው ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ነው። ድሮኑ ከመሬት በተነሳ በሁለተኛው ሰከንድ እንደ እንዝርት ሾሮ ሲወድቅ ግን ጥፋቱ በአብዛኛው የሚገኘው እዚያው ጭራው ላይ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባለ አራት ሞተር ድሮን አፍንጫውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞረው የሞተሮቹን ፍጥነት በማበላለጥ ነው። ትራይኮፕተር ይህ አይሆንለትም። የኋላውን ሞተር አንድ ሰርቮ (ክንዱን በታዘዘው ልክ የሚያዞር ትንሽ ሞተር) ወደ ጎን ያዘነብለዋል፤ የሞተሩ ግፊት ጭራውን ይስባል፤ ድሮኑም በዚያ ይዞራል። ስለዚህ አንዲት ሰርቮ፣ አንድ ማጠፊያና አንዲት ቀጭን ዘንግ የመዞሩን ሥራ ሁሉ ተሸክመዋል። ከመካከላቸው አንዱ ከደከመ የሚተካው የለም።

ከዚህ በታች ያለው ባለ 5 ኢንች ፕሮፔለር፣ 2204 መጠን ያለው ሞተርና ባለ 3 ሴል ሊፖ ባትሪ ለሚይዝ፣ ክብደቱ ከ400 እስከ 500 ግራም ለሆነ ትንሽ ትራይኮፕተር የሚስማማ ነው።

የሰርቮውን አቅጣጫ በሪሞት ብቻ አይቶ ማለፍ

ከሁሉም የከፋውና በቀላሉ ሊቀር የሚችለው ይሄኛው ነው። ጀማሪው የሪሞቱን የመዞሪያ ዱላ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ጭራው በተሳሳተው አቅጣጫ ያዘነብላል። ወዲያው ሪሞቱ ላይ ያለውን የዚያን ዱላ ቻናል (የትእዛዝ መስመር) ይገለብጠዋል። አሁን ዱላውና ጭራው ተስማሙለት፤ ፕሮፔለር ገጥሞ ወደ ሜዳ ይወጣል።

ጭራውን የሚያዘው ግን ሪሞቱ ብቻ አይደለም። በበረራ ጊዜ አብዛኛውን ትእዛዝ የሚሰጠው ፍላይት ኮንትሮለሩ (በረራውን የሚቆጣጠረው ቦርድ) ላይ ያለው ጋይሮ፣ ማለትም የድሮኑን መዞር የሚለካው መሣሪያ ነው፤ የጋይሮው ትእዛዝ ደግሞ በሪሞቱ በኩል አያልፍም። ሪሞቱን በመገልበጥ የተስተካከለው ዱላው ብቻ ነው፤ ጋይሮው እንደተገለበጠ ቀርቷል። ድሮኑ ሲነሳ አፍንጫው ትንሽ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ጋይሮው መልሰው ይላል፤ የተገለበጠው ሰርቮ ግን የበለጠ ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ጋይሮው አሁንም አጥብቆ ያዛል፣ ሰርቮው አሁንም አጥብቆ ወደ ተሳሳተው ጎን ይገፋል። ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ በሰው እጅ የማይመለስ ሽክርክሪት ይሆናል።

ሁለቱን ለየብቻ ፈትሹ፤ ፕሮፔለሮቹ ሁሉ ወልቀው፣ ከኋላ ሆናችሁ እያያችሁ።

በመጀመሪያ ፍሬሙን ያዙና አፍንጫውን ፈጠን አድርጋችሁ ወደ ቀኝ አዙሩት። የጭራው ሞተር አናት ወደ ቀኝ ማዘንበል አለበት። ያኔ ጭራውን ወደ ቀኝ ይስባል፣ አፍንጫውም ወደ ግራ ይመለሳል። ፈጠን አድርጉ ያልኩት ጋይሮ የሚለካው የመዞርን ፍጥነት ስለሆነ ነው፤ በዝግታ ከዞረ ሰርቮው ሲንቀሳቀስ ላታዩት ትችላላችሁ። ከዚያ ፍሬሙን አስቀምጡና ዱላውን ወደ ቀኝ ግፉ። አሁን የሞተሩ አናት ወደ ግራ ማዘንበል አለበት።

የመጀመሪያው ፈተና ከወደቀ የሚገለበጠው በፍላይት ኮንትሮለሩ ቅንብር ውስጥ ያለው ሰርቮ ነው እንጂ ሪሞቱ አይደለም። የመጀመሪያው አልፎ ሁለተኛው ብቻ ከወደቀ ያኔ ሪሞቱን ገልብጡ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡት፤ ሁልጊዜ ጋይሮው ይቀድማል። ፈርምዌር (የፍላይት ኮንትሮለሩን ሶፍትዌር) ባዘመናችሁ ወይም ሰርቮ በቀየራችሁ ቁጥርም ሁለቱንም ፈተና እንደገና አድርጉ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቤት ውስጥ የተገኘውን ሰርቮ መግጠም

ለአሻንጉሊት አውሮፕላን የሚሆነው 9 ግራም የሚመዝን አናሎግ ሰርቮ፣ ጥርሶቹ ፕላስቲክ የሆኑት፣ ለጭራ አይሆንም። በመጀመሪያው መጥፎ ማረፍ ጥርሱ ይረግፋል። ከዚያም በላይ ዘገምተኛ ነው። ዲጂታል የሆነ፣ የብረት ጥርስ ያለውና 60 ዲግሪ ለመዞር 0.08 ሰከንድ ወይም ከዚያ ያነሰ የሚፈጅበት ሰርቮ ፈልጉ። በዚህ መጠን ላለ ድሮን ከጉልበቱ ይልቅ ፍጥነቱ ይበልጣል። ዘገምተኛ ሰርቮ ጋይሮው ያዘዘውን የሚፈጽመው ጊዜው ካለፈ በኋላ ስለሆነ ጭራው ግራ ቀኝ ሲወዛወዝ ይኖራል፤ ይህን ደግሞ በቅንብር ማዳን አይቻልም።

የምልክቱንም ድግግሞሽ እዩ። አናሎግ ሰርቮ የተሠራው በሰከንድ 50 ጊዜ ትእዛዝ እንዲቀበል ነው። በ300 ኸርዝ ካነዱት ይግላል፣ ይጮሃል፣ ይቃጠላል። ዲጂታሉን ደግሞ አምራቹ እስከ ፈቀደው ድረስ ብቻ ከፍ አድርጉት።

ሌላም የተደበቀ ነገር አለ። በፍላይት ኮንትሮለር ላይ ያሉ የሞተር ፒኖች በቡድን በቡድን ሆነው አንድ ታይመር (የምልክቱን ድግግሞሽ የሚወስን የቺፑ ክፍል) ይጋራሉ። ሰርቮውን ከሞተሮች ጋር ታይመር በሚጋራ ፒን ላይ ካገናኛችሁት ሁለቱ የሚፈልጉት ድግግሞሽ ስለሚለያይ ወይ ሰርቮው ይንቀጠቀጣል ወይ ሞተሩ አይነሳም። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ሰርቮው ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። የቦርዱን ሥዕል ተመልከቱና ሰርቮውን የራሱ ታይመር ወዳለው ፒን አዛውሩት፤ ብዙ ጊዜ ለኤልኢዲ መብራት የተተወው ፒን ይሆናል።

ሰርቮውን ከፍላይት ኮንትሮለሩ 5 ቮልት መመገብ

ሰርቮ በድንገት ሲገለበጥ ከ1 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ያን ጊዜ ቮልቴጁ ይወርድና ፍላይት ኮንትሮለሩ አየር ላይ ጠፍቶ ይነሳል፤ ድሮኑ እስከዚያ ወድቋል። ለሰርቮው ብቻ ከ2 እስከ 3 አምፔር የሚሰጥ የ5 ቮልት መቀነሻ ግጠሙ። ከፍላይት ኮንትሮለሩ ወደ ሰርቮው የሚሄዱት የምልክቱ ሽቦና ጥቁሩ ሽቦ ብቻ ይሁኑ፤ ቀዩ ከመቀነሻው ይምጣ። ጥቁሩን የረሳ ሰው ሰርቮው እንደፈለገ ሲወራጭ ያያል።

የላላ ማጠፊያ

የሰርቮውን ክንድ በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ያዙ፤ በሌላው የጭራውን ሞተር ግራ ቀኝ ነቅንቁት። የሞተሩ አናት 1 ሚሊሜትር ያህል ከተንቀሳቀሰ ማጠፊያው ልቅ ነው፤ አታብርሩት። ያቺ 1 ሚሊሜትር ጋይሮው የማያዝባት ክልል ናት፤ ጭራው እዚያ ውስጥ ይዋልላል።

ልቅነቱ በብዛት የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው። አንደኛው፣ ኤም3 ብሎን ዘንግ ሆኖ ሲገባ ጥርሱ ቀዳዳውን እንደ ሞረድ እየበላ ያሰፋዋል። ጥርስ የሌለው ለስላሳ ዘንግ በሁለት ትንንሽ ኩሽኔታ መካከል ይዙር። ሁለተኛው፣ የሰርቮው ክንድ ቀዳዳ ከማገናኛ ሽቦው ውፍረት ይሰፋል፤ ሽቦው ጥብቅ ብሎ የሚገባበትን ቀዳዳ እናንተው ብሱ። ሦስተኛው ሰርቮው ራሱ በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሮ መቅረቱ ነው። በብሎን ይታሰር።

ሲገጠም ሰርቮውን መጀመሪያ በ1500 ማይክሮ ሰከንድ ምልክት መሐል ላይ አስቀምጡት፤ ክንዱን ከማገናኛ ዘንጉ ጋር 90 ዲግሪ እንዲሠራ አድርጋችሁ ግጠሙ። የክንዱ ጥርስ አልገጥም ብሎ ጥቂት ዲግሪ ከሳተ የዘንጉን ርዝመት አስተካክሉ እንጂ በሪሞቱ ትሪም (የዱላው መሐል ማስተካከያ) አትደብቁት። ጭራው በሁለቱም በኩል 35 ዲግሪ አካባቢ ማዘንበል ይበቃዋል። ጫፍ ላይ ሲደርስ ሰርቮው ድምፅ እያሰማ የሚታገል ከሆነ ፍሬሙ ጋር እየተጋጨ ነውና ወሰኑን ቀንሱ።

ባትሪውን መሐል የመሰለው ቦታ ላይ ማሰር

ዓይን ያታልላል። ሦስቱ ሞተሮች እኩል ክብደት እንዲሸከሙ ከተፈለገ የስበት ማዕከሉ ከፊት ሞተሮች መስመር ወደ ኋላው ሞተር ካለው ርቀት አንድ ሦስተኛው ላይ ይሆናል እንጂ ግማሹ ላይ አይሆንም። ክንዶቹ እኩል ሆነው በ120 ዲግሪ ከተዘረጉና እያንዳንዳቸው 200 ሚሊሜትር ከሆኑ፣ የፊት ሞተሮቹ መስመር ከመሐሉ 100 ሚሊሜትር ወደ ፊት ሲሆን የኋላው ሞተር 200 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ነው። ጠቅላላው 300፣ የስበት ማዕከሉም ከፊት መስመሩ 100 ላይ።

ባትሪው ወደ ኋላ ከተገፋ የኋላው ሞተር ከድርሻው በላይ ይሸከማል፤ ይግላል፤ ድሮኑ በኃይል ሲነሳ ሞተሩ አቅሙ ያልቅና ጭራው ወደ ታች ይወድቃል። ፍሬሙን በዚያች ነጥብ ላይ በክር አንጠልጥሉትና እስኪተካከል ድረስ ባትሪውን አንሸራትቱ። ቦታውንም በቀለም ምልክት አድርጉበት።

የሞተር ብሎን ርዝመት

የጭራው ሞተር የሚቀመጥበት ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ከፊት ክንዶቹ ይሳሳል። ለፊቱ ልክ የሆነው ብሎን ከኋላ ሲገባ የሞተሩን ጥቅል ሽቦ ይወጋል፤ ባትሪ ሲሰካ ጭስ ይነሳል። ብሎኑ ከሰሌዳው ውፍረት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ይለፍ።

አጭር አጭሮቹ

ሁለቱ የፊት ሞተሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይዙሩ። ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ ከዞሩ ጭራው ያንን ለመመለስ ሁልጊዜ አዘንብሎ ስለሚኖር በአንዱ በኩል የመዞር አቅሙ ያልቃል።

በቤታፍላይት (የፍላይት ኮንትሮለር ሶፍትዌር ነው) የሞተር ቁጥር 1 የኋላው ነው፤ 2 የፊት ቀኝ፣ 3 የፊት ግራ። ከባለ አራት ሞተር ልማድ ይዞ የመጣ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

የፕሮፔለሩ ጽሑፍ ያለበት ፊት ወደ ላይ።

የካርቦን ፍሬም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የተላጠ ሽቦ ከነካው ሾርት ያደርጋል።

ባትሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰኩ በቀዩ ሽቦ መሐል ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የመኪና አምፖል አስገቡ። አምፖሉ በደማቁ በርቶ ከቀረ ሾርት አለ፤ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው።

ፕሮፔለር ተገጥሞ ጠረጴዛ ላይ ሙከራ የለም። በጭራሽ።

ሪሞቱ ሲጠፋ ሞተሮቹ መቆማቸውን ፕሮፔለር ሳይገጠም አረጋግጡ።

በመጀመሪያው በረራ ላይ የሚፈጠሩት

በመጀመሪያ፣ በእጅ ይዞ መሞከር። ባለ 5 ኢንች ፕሮፔለር የጣት ጅማት ይቆርጣል፤ ሌላ ምክንያት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ፍርሃት የሚያመጣው ነው፦ ጋዙን (የሞተሮቹን ኃይል) ቀስ በቀስ እየጨመሩ ድሮኑን መሬት ላይ ማቆየት። እግሩ መሬት ሲነካ ድሮኑ እንደ ልቡ መዞር አይችልም፤ ጋይሮው ግን ስህተት እየቆጠረ ማረሚያውን ያጠራቅማል፤ ጭራውም ወደ አንዱ ጎን እየሄደ ጥግ ይይዛል። በስተመጨረሻ ሲነሳ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ ሣር ላይ፣ ጭራው ወደ እናንተ ዞሮ፣ ከ4 እስከ 5 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። ጋዙን ሳታመነቱ ስጡትና 1 ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ከዚያ በታች ከመሬት የሚመለሰው የራሱ ነፋስ ያንገላታዋል፤ ያንን አይታችሁ ቅንብር ለመቀየር አትቸኩሉ።

20 ወይም 30 ሰከንድ አንሳፍፉትና አሳርፉ። ባትሪውን ንቀሉና ሞተሮቹን፣ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎቹንና ሰርቮውን በእጃችሁ ዳስሱ። ሰርቮው ሞቅ ቢል ደህና ነው፤ ጣት የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ማጠፊያው ተጣብቋል ወይም የምልክቱ ድግግሞሽ በዝቶበታል። ባለ 3 ሴል ባትሪ ሲሞላ 12.6 ቮልት ነው፤ በበረራ ላይ 10.5 ሲደርስ አሳርፉ። ለቀናት የሚቀመጥ ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ላይ ይሁን።

ጭራው ሲወዛወዝ የአወዛወዙን ዓይነት ለዩ። “ያው” (yaw) በፍላይት ኮንትሮለሩ ቅንብር ውስጥ የአፍንጫው ግራ ቀኝ መዞር ነው፤ “ፒ” ለስህተቱ ወዲያው የሚሰጠው ማረሚያ፣ “አይ” ደግሞ እየተጠራቀመ የሚሄደው ማረሚያ ነው። ፈጣንና ደቃቅ መንቀጥቀጥ ከሆነ የያው ፒ በዝቷል፤ በየጊዜው 10 በመቶ እየቀነሳችሁ ሞክሩ። ዝግ ያለ፣ እንደ ውሻ ጭራ የሚመላለስ ከሆነ መጀመሪያ ማጠፊያውን ነቅንቁት፤ ጥብቅ ከሆነ ሰርቮው ዘገምተኛ ነው ወይም የያው አይ በዝቷል። ጋዝ በድንገት ሲሰጠው አፍንጫው ወደ አንድ ጎን ሸርተት ብሎ የሚመለስ ከሆነ ግን የያው አይ አንሷል፤ የኋላው ሞተር ሲፈጥን የሚፈጥረውን ጥምዘዛ ጭራው ቶሎ አልያዘውም ማለት ነው።

የጭራው ሞተር ሦስት ሽቦዎች ሰርቮው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይታጠፋሉ። ለስላሳ የሲሊኮን ሽቦ ይሁኑ፤ ከሞተሩ እስከ ክንዱ ባለው ቦታ ላላ ያለ ቀለበት ይተውላቸው፤ ክንዱ ላይ ሲደርሱ ይታሰሩ። ሶልደር የገባበት ሽቦ ይደርቃልና መታጠፊያው እዚያ ላይ እንዳይውል። ውስጡ የተቆረጠ ሽቦ ከውጭ አይታይም፤ ሞተሩ ሲነሳ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወይም እየተንተባተበ ከዞረ ሽቦዎቹን ሳትቀይሩ መልሳችሁ አታብርሩት።