ሎኬሽን በቁጥር ስትልኩ ኬንትሮሱን ልብ በሉ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ ለምትኖሩ፦ መንገዱ ስም በሌለው ሰፈር ሎኬሽን በቁጥር መላክ ትልቅ መፍትሔ ነው። ግን ሁለተኛውን ቁጥር፣ ኬንትሮሱን፣ በደንብ እዩት።

ኬንትሮስ ከእንግሊዝ ግሪንች ተነስቶ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ በዲግሪ ይለካል። እኛ 38 እና 39 ዲግሪ ምሥራቅ መካከል ነን። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ፣ አንድ ደቂቃ 60 ሰከንድ ነው። የሰዓት ሳይሆን የማዕዘን ማለቴ ነው። እኛ አካባቢ ዲግሪው 110 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደቂቃው 1.8 ኪሎ ሜትር፣ ሰከንዱ 30 ሜትር ያህል ይሆናል። ወደ ዋልታዎቹ ሲሄዱ ግን እየጠበበ ይመጣል።

ጣጣው ያለው እዚህ ጋ ነው። ስልካችሁ 38°48′30″ ካላችሁ 38.4830 ብላችሁ እንዳትጽፉ! 30ን ለ60 አካፍሉ፣ 0.5 ይሆናል። 48 ላይ ደምሩት። 48.5ን እንደገና ለ60 አካፍሉ፣ 0.8083 ይመጣል። ትክክለኛው 38.8083 ነው። የተሳሳተው ወደ ምዕራብ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ይወስዳል። ቱሉ ዲምቱ የጠራችሁት አምቡላንስ ከሰበታም አልፎ ሊፈልጋችሁ ነው። በሽተኛ ይዞ ይህ ቀልድ አይደለም።

ከነጥቡ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ከላካችሁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ያሳስታል፤ አምስት አሃዝ ግን አንድ ሜትር ገደማ ድረስ ያደርሳል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ አምስቱንም ላኩ፤ ብሎክና ፎቅም ጨምሩበት፣ ቁጥሩ ፎቅ አይናገርም።