የቤት ኤጀንት ኮሚሽኑ ይገባዋል ወይ? ከሰሜን ሸዋ አሜሪካ ለገባችሁ

ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአንኮበር የመጣ ሰው ደላላን በደንብ ያውቀዋል። ስልኩ ከጆሮው አይወርድም፣ ቤቱን ከባለቤቱ በላይ ያሞግሳል። ለገዢው «ሻጩ ከዚህ ፈቅ አይልም» ይላል፤ ዞር ብሎ ለሻጩ «ሰውዬው ሌላ ቤት አይቷል፣ ቶሎ ካልጨረስን ያመልጠናል» ይላል። ዋጋው ሲቆረጥ ከሁለቱም በኩል ይቀበላል። የተለመደው ሁለት ፐርሰንት ነው፣ እሱም ቢሆን ያለ ክርክር አይከፈልም። ስለዚህ አሜሪካ ገብታችሁ፣ ሠርታችሁ፣ ክሬዲታችሁ (የብድር አከፋፈል ታሪካችሁ) ተስተካክሎ ቤት ልትገዙ ስታስቡ «ኤጀንት ያዙ» ሲሏችሁ ያው ደላላ መስሎ ቢታያችሁ አይገርምም። ብዙው ነገር ይለያል። ሳይለይ የቀረም አለ።

መጀመሪያ ግን ኪራይ፣ ምክንያቱም አዲስ የገባ ሰው የሚከራይ እንጂ የሚገዛ አይደለም። ትልልቆቹ አፓርትመንቶች የራሳቸው ቢሮ አላቸው። ገብታችሁ ብትጠይቁ የማመልከቻና የማስያዣ ገንዘብ ይጠይቋችሁ ይሆናል እንጂ የድለላ የሚባል የለም። ኒው ዮርክ ከተማ ተከራዩ ባለቤቱ ለቀጠረው ደላላ ሳይቀር ሲከፍል የኖረበት አገር ነው። እዚያም ከጁን 2025 ጀምሮ የቀጠረው ይክፈል የሚል ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። «ቤት ላገኝላችሁ፣ ብቻ ቅድሚያ ይህን ያህል ላኩልኝ» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ፣ በአማርኛ ቢያወራችሁም፣ የአገራችሁን ሰው ስም ቢጠራም፣ ቤቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ሰባራ ሳንቲም አትላኩ።

ወደ ግዢው እንምጣ። እዚህ ኤጀንት ለመሆን ኮርስ ተወስዶ፣ ፈተና ታልፎ ከስቴቱ ፈቃድ ይወጣል። ሜሪላንድ ሁኑ ቨርጂኒያ፣ የሰውዬውን ስም በስቴቱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ፈቃዱ እንዳልተቋረጠ ማየት ትችላላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሻጩም ገዢውም የየራሳቸው ኤጀንት አላቸው። ለረጅም ዘመን ልማዱ ሻጩ ከሽያጩ ላይ ከአምስት እስከ ስድስት ፐርሰንት እንዲከፍልና ሁለቱ ኤጀንቶች እንዲካፈሉት ነበር። ገዢውን «አንተ ምንም አትከፍልም» ይሉታል። ገንዘቡ ግን የሚወጣው ገዢው ከሚያመጣው ዋጋ ውስጥ ነው። በ2023 ሚዙሪ ውስጥ ቤት ሻጮች ይህንን አሠራር ፍርድ ቤት ከስሰው አሸነፉ። በዓመቱ የአገሪቱ የሪልተሮች (የቤት ኤጀንቶች) ማኅበር 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ደንቡን ለመቀየር ተስማማ። ከኦገስት 17፣ 2024 ወዲህ የማኅበሩን ደንብ የሚከተል ኤጀንት ቤት ሊያሳያችሁ ከመሄዱ በፊት በጽሑፍ ውል ያስፈርማችኋል። ክፍያው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር መጻፍ አለበት፣ ክፍያው በድርድር የሚወሰን መሆኑም ውሉ ላይ መስፈር አለበት፣ ከተጻፈው በላይም ከማንም መቀበል አይችልም። ኦፕን ሃውስ (ቤቱ ለማንም ጎብኚ ክፍት የሚሆንበት ሰዓት) ላይ ብቻችሁን ሄዳችሁ ለማየት ግን ምንም መፈረም አያስፈልግም።

የእኛ ሰው የሚሸነፈው ይህ ወረቀት ላይ ነው። ኤጀንቱ ብዙ ጊዜ የአገር ልጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም ክርስትና ቤት ነው የተዋወቃችሁት። ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ «ጋሽዬ፣ ይቺን ፈርምልኝና ቅዳሜ ቤት እናያለን» ይልና ስልኩን ያቀብላል። በጣት ጫፍ ይፈረማል። ሦስት ፐርሰንት ተሞልቶ ነው የመጣው፣ ውሉም ለስድስት ወር ያስራል። «ለምን ሁለት ተኩል አይሆንም?» የሚል የለም፣ ይሉኝታ ይይዛል። ቤቱ 450 ሺህ ዶላር ቢሆን ያቺ ግማሽ ፐርሰንት 2,250 ዶላር ናት። ያው ሰውዬ አገሩ እያለ የመንዝ በግ ሲገዛ ለመቶ ብር ሦስቴ ሄዶ ይመለስ ነበር። «ወንድሜ፣ ሥራህን አከብራለሁ፤ በሁለት እንስማማ» ብትሉት አይቀየምም፣ በየቀኑ የሚሰማው ነው። ቢቀየም ደግሞ ያ ሰው ነገ ከሻጭ ጋር ስለ እናንተ እንዴት ሊከራከር እንደሚችል አስቡት። ጊዜውንም አሳጥሩት፣ ሁለት ወር ይበቃል። ሻጩ አልከፍልም ቢል ከኪሳችሁ የሚወጣው ስንት እንደሆነ፣ አልተመቸኝም ብትሉ ውሉ እንዴት እንደሚፈርስ፣ ሁለቱንም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። በአብዛኞቹ ስቴቶች ኤጀንቱ ከኮሚሽኑ ላይ ለገዢው መመለስ ይፈቀድለታል፤ ይህንንም መጠየቅ ነውር አይደለም።

እና ይገባዋል ወይ? ቤቱን በማግኘት ብቻ ከሆነ፣ አይገባውም። ቤት ማግኘት ዛሬ የስልክ ሥራ ነው፤ ዚሎው በሚባለው የቤት ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ፎቶውን ከኤጀንቱ ቀድማችሁ ታያላችሁ። ኤጀንት እንጀራውን የሚበላው ኦፈር (ለሻጩ የሚቀርበው የግዢ ሐሳብ) ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ነው። አንድ ጎበዝ ኤጀንት ሲሠራ አይቻለሁ፦ ቤዝመንቱ (ምድር ቤቱ) ውስጥ ገብቶ አዲስ የተቀባውን ግድግዳ ትቶ ከቤት ማሞቂያው ኋላ ያለውን ጥግ በስልኩ መብራት ያይ ነበር፣ ውኃ ገብቶ ከሆነ ቀለሙ ከታች ይነፋል ብሎ። ቤቱን የሚመረምረው ኢንስፔክተር ሪፖርቱን ሲልክ ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ገንዘብ የሚያስወጡትን፣ ጣራውን፣ የውኃ ማሞቂያውንና የኤሌክትሪክ ሳጥኑን፣ ለይቶ «ወይ አድሱ፣ ወይ ዋጋ ቀንሱ» ብሎ ጻፈ። የተፈረመ ኦፈር ቀነ ገደብ አለው። የኢንስፔክሽንና የብድር ቅድመ ሁኔታዎች ቀናቸው ካለፈ ያስያዛችሁት ገንዘብ ሊቀር ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ፣ እንግሊዝኛው ገና ላልተቃና፣ ይህን የሚጠብቅ ሰው ሁለት ፐርሰንቱ በደንብ ይገባዋል። በር ከፍቶ «ቆንጆ ነው አይደል?» ከማለት የማያልፍ ኤጀንት ግን ባይኖር ይሻላል።

ከደላላው ጋር አንድ የሚያደርገውም አለ። ክፍያው በፐርሰንት ስለሆነ ዋጋው ሲጨምር የእሱም ይጨምራል፣ ቤቱ ካልተሸጠም ምንም አያገኝም። ስለዚህ «ትንሽ ጨምሩና ይለቅ» የሚለውን ምክር ረጋ ብላችሁ ስሙት። በአንዳንድ ስቴቶች አንዱ ኤጀንት ሻጭንም ገዢንም በጽሑፍ ፈቃዳቸው መወከል ይችላል፤ እኔ አትፍቀዱ ባይ ነኝ። ወደ አንድ አበዳሪ ብቻ ሲመራችሁም ሌሎች ሁለት ጠይቁና አወዳድሩ። ሰው በመላኩ ጉርሻ መቀበል ከ1974 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። አዲስ የተሠራ ቤት ካማራችሁ ደግሞ የግንበኛው ኩባንያ ቢሮ ውስጥ የምታገኟት ሴትዮ ምንም ያህል ደግ ብትሆን የምትሠራው ለኩባንያው ነው፤ ኤጀንት የምትይዙ ከሆነ መጀመሪያ ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ።

ብዙዎችን የሚያስቀይም አንድ ነገር ላንሳ። «ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር ፈልግልን» ስትሉት ኤጀንቱ ወሬ ይቀይራል። ንቆ እንዳይመስላችሁ። የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ ሰውን በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ ወደ አንድ ሰፈር መምራትን ስለሚከለክል ፈቃዱን ላለማጣት ነው። የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ይሁን የቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ፣ እንጀራ ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ የት እንዳለ ራሳችሁ ዞራችሁ እዩ፤ እሱ የሚነግራችሁ የታክሱን፣ የሰፈሩን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ክፍያና የዋጋውን ነው።

ከኤጀንት በፊት የፌዴራል ቤቶች መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሰጣቸው የቤት አማካሪዎች አሉ፣ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ። ዳውን ፔይመንት (የቤቱ ቅድሚያ ክፍያ) እና ክሬዲት ላይ የሚነግሯችሁ ነገር ኮሚሽን የሌለበት ምክር ነው። ስትሸጡ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሰፈሩ ቶሎ የሚሸጥበት ከሆነ ስድስት ፐርሰንት ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ሦስት ኤጀንት ጠርታችሁ ዋጋ አስጠሩ።

ትንሽ ስትደላደሉ ከአገር ስልክ መምጣቱ አይቀርም። «ልጄ፣ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ጥሩ ቤት ወጥቷል፣ ደላላው ቸኩሏል» ይባላል። እዚያ የደላላው ሥራ ሰው ማገናኘት ነው፣ ካርታ አይመረምርም። በኢትዮጵያ ሕግ መሬት አይሸጥም፣ የምትገዙት ላዩ ላይ ያለውን ቤት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723ም የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት ይላል። ስለዚህ ከብሩ በፊት አንድ የቤተሰብ ሰው ከተማ አስተዳደሩ ጋ ሄዶ ቤቱ በማን ስም እንዳለ፣ ዕዳና እገዳ ያለበት መሆን አለመሆኑን ይጠይቅ። ውክልና ከኤምባሲ ስትልኩ «መሸጥ መለወጥ» የሚል ሰፊ ቃል አታስገቡ፣ ለዚያ ቤት ግዢ ብቻ ይሁን። ለደላላውማ ጨርሶ አይሰጥም። ሁለት ፐርሰንቱን ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት በተፈረመ ማግሥት ይቀበላል።