ሽምግልና ከመቀመጥዎ በፊት

ትዳር ሲናጋ ሽማግሌ መቀመጡ አይቀርም። ችግሩ ብዙ ሰው ሳይዘጋጅ ይገባና «ለልጆቻችሁ ስትሉ» ሲባል ያላመነበትን ተቀብሎ መውጣቱ ነው።

ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለው አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በአንዱ በኩል ሊታገሡት የሚችሉትን (የአማት ጣልቃ ገብነት፣ አምሽቶ መግባት)፣ በሌላው ፈጽሞ የማይደራደሩበትን ይጻፉ። ዱላ ካለ ቦታው ሁለተኛው ነው፤ በ«ይቅር ተባባሉ» አይታለፍም፣ ሐኪምና ፖሊስ ከሽማግሌ ይቀድማሉ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ቢሆኑ ይሻላል፦ ከየወገኑ አንድ፣ ሦስተኛው ሁለታችሁም የምታምኑት። ሁሉም ከአንድ ወገን ከሆኑማ ፍርዱ ቡናው ሳይፈላ አልቋል። ሲናገሩ «ሁልጊዜ» ከማለት ቀኑንና የሆነውን ይጥቀሱ፤ «ጥር ላይ ደመወዙን ሳይነግረኝ አበደረ» ያለች ሴት «ስለ ገንዘብ አይነግረኝም» ካለችው የበለጠ ትደመጣለች። እዚያው መልስ ከተጠየቁ «ሳምንት ስጡኝ» ማለት ነውር የለውም። ስምምነቱ ይጻፍ፣ እንዴት እንደሄደ የሚታይበት ቀንም ይቆረጥለት፤ አለዚያ በወሩ ይረሳል።

ካልሆነና ፍርድ ቤት ከተሄደ፣ በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል (ክልሎች የራሳቸው ሕግ አላቸው)። በትዳር የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ተብሎ ይገመታል፤ ከጋብቻ በፊት የነበረና በውርስ የተገኘ ግን የግል ነው። ስለዚህ የውርስ ወረቀቱን፣ ደረሰኞቹንና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ኮፒ አድርገው ዘመድ ቤት ያስቀምጡ።