የጓሮን ምርት ለወጣቶች ዐውደ ርእይ ስለ ማቅረብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የምሥራቅ ጎጃም ከተማ በተዘጋጀ የተማሪዎች ዐውደ ርእይ ላይ የክበባችን ልጆች ያቀረቡት ድንች በግዝፈት ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ በውጤት ግን ከሁሉም በታች ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። «ለሰው የሚቀርብ ነገር ንጹሕ ይሁን» ብዬ ከዋዜማው ማታ ድንቹን በውኃና በቃጫ ያሳሸኋቸው እኔ ነኝ። ሌሊቱን ቆዳው እዚህም እዚያም ተልጦ ጠዋት ላይ ቡናማ ቡግር የወጣበት መስሎ አደረ፤ በዚያ ላይ አንዱ የቡጢ፣ ሌላው የዕንቁላል ያህል ነበር። ዳኛው ሳህኑን አንድ ጊዜ አይተው፣ አንዱን ድንች በአውራ ጣታቸው ፈተግ አድርገው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ።

ገበያ ላይ ሸማች ከመደቡ መርጦ የሚበላውን ይወስዳል፤ የዐውደ ርእይ ዳኛ ግን ሳህን ላይ የተደረደሩትን አምስት ፍሬዎች እንደ አንድ ዕቃ ነው የሚመለከታቸው። አራቱ ያማሩ ሆነው አምስተኛው ቢያንስ ወይም ቢገዝፍ ነጥቡን የሚያጣው ሳህኑ በሙሉ ነው። ስለዚህ ልጆችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስለመድ የሚገባን ትልቁን ሳይሆን እኩያውን መፈለግ ነው፤ ትኩስነት፣ በልክ መብሰል፣ ከቁስልና ከተባይ ነጻ መሆን ከዚያ ይከተላሉ። በአሜሪካ የፎር ኤች የወጣቶች ክበቦች ዘንድ የተለመደውና «የዴንማርክ ዘዴ» የሚባለው አዳኘት ልጆቹን እርስ በርስ አያወዳድርም፤ የእያንዳንዱን ምርት ከተቀመጠ መለኪያ ጋር አስተያይቶ ሰማያዊ፣ ቀይ ወይም ነጭ ሪባን ይሰጣል። አንድ ልጅ ተሸልሞ ሃያው አንገቱን ደፍቶ ከሚመለስበት ልማዳችን ይልቅ ይህ ለክበቦቻችን ይስማማል ብዬ አምናለሁ።

የአዘጋጆቹን መመሪያ አስቀድሞ ማንበብ ግዴታ ነው፤ የፍሬው ቁጥር ከተጠየቀው አንድ ቢበዛ ወይም ቢጎድል ያማረው ምርት እንኳ ከውድድር ሊወጣ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ቲማቲም፣ ድንች፣ ካሮትና ቃሪያ አምስት አምስት፣ ቀይ ሽንኩርት ሦስት ወይም አምስት፣ ጥቅል ጎመንና ዱባ አንድ አንድ ይጠየቃሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከዐውደ ርእዩ ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው፤ ከጳጉሜን በቀር ወራችን ሁልጊዜ ሠላሳ ቀን መሆኑም ለዚህ ስሌት እጅግ ይመቻል። ዝግጅቱ የካቲት 15 ቀን ነው እንበል። ቲማቲም በችግኝ መደብ አንድ ወር፣ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ እስኪቀላ 80 ቀን ያህል ስለሚፈልግ ዘሩ ጥቅምት 25 ገደማ መሬት መግባት አለበት። ካሮት 100 ቀን ቢቆይ ኅዳር 5፣ ሰላጣ 60 ቀን ቢፈጅ ታኅሣሥ 15 ይዘራል። ቀይ ሽንኩርት ግን ለችግኙ፣ ለእድገቱና ከተነቀለ በኋላ ለመድረቂያው ተደምሮ ከአምስት ወር በላይ ስለሚወስድ ዘሩ የሚፈሰው ገና ዐዲስ ዓመት ሲገባ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ በባሕር ዳር ቀን የተሰላው ለደብረ ማርቆስ አይሠራም፤ እኔ ለደጋው ቢያንስ አሥራ አምስት ቀን እጨምራለሁ። በጮቄ ግርጌ ላሉ ጓሮዎች የታኅሣሥ ውርጭም አለ፤ ቲማቲምና በሶብላ ሌሊት በሣር ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ካልተሸፈኑ አንድ ንጋት ሁሉን ይጨርሳል። ስሌቱ ቢዛነፍ መጠባበቂያ እንዲኖር እያንዳንዱን ዓይነት በአሥር ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ መዝራት ይበጃል።

አፈርም የራሱን ነጥብ ይሰጣል፣ ይነሳልም። በመራዊ ዙሪያ፣ የቆጋ መስኖ በሚያጠጣው ቀይ አፈር ላይ የተዘራ ካሮት ያለ ብዙ ድካም ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በቢቸና ዋልካ ላይ ግን መንገዱን ስለሚያጣ ይጣመማል፣ ሲነቀልም ይሰበራል። በዋልካ ላይ የሚዘራ ልጅ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት የተቀላቀለበት ከፍ ያለ መደብ ሊሠራ ይገባዋል። ያልበሰበሰ ፍግና ድንጋይ ካሮትን እንደ ሱሪ ሁለት እግር ያወጡታልና ከመደቡ መራቅ አለባቸው። ቡቃያው ጣት ሲያህል በመካከሉ አራት ጣት ያህል እየተተወ መሳሳት ይኖርበታል፤ ልጆች ሕያው ቡቃያ መንቀል ስለሚያሳዝናቸው ይህን ሥራ ይሸሹታል፣ ያልሳሳ መደብ ግን እኩያ ካሮት አይሰጥም። የካሮቱ ራስ ከአፈር ብቅ ካለ ፀሐይ አረንጓዴ ስለምታደርገው አፈር ማስታቀፍ ያስፈልጋል፤ ከተነቀለ በኋላ ቅጠሉ ሁለት ጣት ያህል ተትቶ ይቆረጣል።

ድንች ከመቆፈሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ግንዱ ቢታጨድ ቆዳው ይጠነክራል። ዳኛው በአውራ ጣታቸው የፈተኑት ይህንኑ ነበር፤ ያልጠና ቆዳ በትንሽ ፍትጊያ ይላጣል። የተቆፈረው ድንች ጥላ ውስጥ ከደረቀ በኋላ አፈሩ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ይራገፋል እንጂ አይታጠብም። ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ መርዛማ ንጥረ ነገርም ያበጃልና እስከ መጨረሻው ሰዓት ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ። ቀይ ሽንኩርት ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቅጠሉ ተጋድሞ ሲታይ ውኃ ይቋረጥበታል፤ ከተነቀለ በኋላ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ይሰነብታል። አንገቱ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ተትቶ ይቆረጣል፣ ሥሩ ይከረከማል። ብዙዎች እንዲያበራ ብለው ሁለትና ሦስት ልባስ ይልጡለታል፤ ይህ እርቃኑን ማስቀረት ነው፤ የቆሸሸውንና የተቀደደውን የላይኛውን ልባስ ብቻ ማንሳት ይበቃል። ነጭ ሽንኩርትም በዚሁ ሥርዓት ይያዛል፤ ጥርሶቹን መፈልፈል ግን ፈጽሞ አይፈቀድም።

በቲማቲም ላይ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት በውኃ ነው። ሦስት ቀን ተረስቶ በአራተኛው በባልዲ የሚጥለቀለቅ ተክል ፍሬው ይሰነጠቃል፣ የታችኛው ጫፉም ይጠቁራል፤ ጥቂት በጥቂት፣ በመደበኛ ሰዓት ማጠጣትና መደቡን በጭድ መሸፈን ሁለቱንም ይቀንሳል። ፍሬው ሮዝ መልክ ማሳየት ሲጀምር ከእነ አረንጓዴ ቆቡ ተለቅሞ ቤት ውስጥ ቢቀላ አምስቱን በአንድ ቀለም ማድረስ ይቻላል። ቆቡ ሥር የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ካለች ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ትል ገብቶ ይሆናልና ያ ፍሬ ይጣል። ፀረ ተባይ የተረጨ ከሆነ ዕቃው ላይ የተጻፈው ከርጭት እስከ ለቀማ ያለው የቀን ብዛት መጠበቅ አለበት። ቃሪያ ከእነ ጭራው ይቆረጣል፣ ሲጫኑትም መጠንከር አለበት። የደረቀ በርበሬ ምድብ ካለ ደግሞ በበርበሬ ስሟ የታወቀችው ቡሬ ልጆች ከሌላው የሚበልጡበት ዕድል አላቸው፤ ይሁንና መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ አቧራና እርጥበት ስለሚይዝ ከፍ ባለ አልጋ ላይ ወይም በንጹሕ ሰሌን ላይ መድረቅ አለበት፤ ነጭ ንጣፍ የታየበትና ጭራው የወለቀ ፍሬም ከምርጫ ይወጣል።

ቅጠላ ቅጠል የመጨረሻው ቀን ሥራ ነው። የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ሊነጋጋ ሲል፣ ፀሐይ ሳትነካቸው ተቆርጠው ሥራቸው ወዲያው ውኃ ውስጥ ይገባል። ጥቅል ጎመን ግን ከውጭ ሁለት ወይም ሦስት አረንጓዴ ቅጠሎች ይተዉለት፤ ሁሉ ተልጦ የነጣ ጎመን ዳኛ ፊት ያረጀ ይመስላል።

ወደ ቅመማ ቅመሙ ስመጣ በራሳችን ጓሮ ውስጥ ያለውን ሀብት አቅልለን እንደምናየው ይሰማኛል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት፣ የሥጋ መጥበሻ፣ ጦስኝና ናና ለየብቻቸው በብርጭቆ ቆመው ሲቀርቡ ያየ ሰው ሽታቸው ብቻ ሳይስበው አያልፍም። ጤዛው ካለቀ በኋላ፣ ፀሐይ ሳይጠነክር ይቀጠፋሉ፤ ውኃ ውስጥ የሚገባው የግንዱ ክፍል ቅጠሉ ይራገፋል፤ አለዚያ ውኃው በአንድ ቀን ይሸታል። ብርጭቆው ጥርት ያለ ይሁን፣ ውኃውም ጠዋት ጠዋት ይለወጥ። በበሶብላ ነገር አንድ ክርክር አለ። በሌላ አገር ለትኩስ ቅጠል የሚቀርብ ያላበበ መሆን ይኖርበታል፤ በእኛ ቤት ግን በርበሬና ቅቤ ውስጥ የሚገባው ከእነ አበባው የደረቀው ነው። ስለዚህ ለትኩስ ምድብ ያላበበውን፣ ለደረቅ ምድብ ያበበውን ማቅረብና በመለያው ላይ አገልግሎቱን መጻፍ ክርክሩን ይዘጋዋል። የሚደርቀው በትንንሽ እስር ተሰቅሎ ጥላ ውስጥ እንጂ ፀሐይ ላይ አይደለም፤ ፀሐይ ቀለሙንም ሽታውንም ትወስዳለች። ጤና አዳምን የሚቀጥፉ ልጆች ደግሞ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ውኃ ሊቋጥር ይችላል።

ፍራፍሬን በተመለከተ ዋናው ደንብ ፍሬን በመቀስ መቁረጥ እንጂ ጎትቶ አለመንጠቅ ነው። የተነጠቀ ሎሚ ወይም ብርቱካን እንብርቱ ላይ ቀዳዳ ይቀርበትና ከዚያ ይበሰብሳል። ማንጎ ሲቆረጥ ከጭራው የሚወጣው ፈሳሽ ቆዳውን አቃጥሎ ጥቁር መስመር ስለሚተው ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ጭራ ይተውለት። አቮካዶ ዛፉ ላይ አይለሰልስም፤ የደረሰው ከተለቀመ በኋላ ለመለስለስ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ይፈልጋል። ከደረሰ ሙዝ ጋር በአንድ ካርቶን ቢቀመጥ ይፈጥናል፤ በዚያው ምክንያት ካሮትና ሰላጣ ከሙዝና ከቲማቲም ጋር አብረው መጫን የለባቸውም፤ የሚበስለው ፍሬ የሚያወጣው ጋዝ ካሮቱን ያመርረዋል፣ ሰላጣውንም ያጠቁራል። በፍሬው ላይ የሚታየውን ጤዛ መሰል ነጭ ሽፋን በጨርቅ መወልወል አይገባም፤ ሽፋኑ የትኩስነቱ ምስክር ነው።

አምስቱን የመምረጡ ሥራ ቢያንስ የአሥራ አምስት ፍሬ ክምር ይፈልጋል። ፍሬዎቹ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረደሩና ጎን ለጎን ካሉት መካከል እርስ በርስ እጅግ የሚመሳሰሉት ይነሳሉ፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ከመሐል ነው። ለጉዞ አደጋ ሁለት ትርፍ ይያዝ። ከእንጅባራም ሆነ ከደጀን በሚኒባስ የሚመጣ ልጅ ምርቱን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጎ ወንበር ሥር ከከተተው የሚያወርደው ድልህ ነው። ካርቶን ውስጥ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዞ፣ እያንዳንዱን ፍሬ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከአንድ ረድፍ በላይ ሳይደራርብ ጭኑ ላይ ይዞ ቢመጣ ይሻላል።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ፣ ጌጥ የሌለው ሳህን እመርጣለሁ። የጎጃም ስፌት ውበቱ አያከራክርም፤ ነገር ግን ዓይን ስለሚወስድ ለቅንብር ምድብ ካልሆነ በቀር ፍሬውን ይሸፍነዋል። መለያው ላይ የሰብሉ ስም ብቻ ሳይሆን ዝርያው ይጻፍ፤ ሽንኩርቱ አዳማ ቀይ ወይም ቦምቤይ ሬድ፣ ካሮቱ ናንቴስ፣ ድንቹ በለጠ ወይም ጉደኔ መሆኑ ይገለጽ። ሁለት ዝርያ በአንድ ሳህን አይቀላቀልም።

ዳኛው ልጁን ማነጋገራቸው አይቀርም፤ ከገበያ ተገዝቶ የመጣ ምርት የሚታወቀውም በዚህ ሰዓት ነው። ስለዚህ ልጁ የተዘራበትን፣ የተዛወረበትንና የተለቀመበትን ቀን የጻፈበት ደብተር ይያዝ። አንድ ጊዜ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ጎመኗን ይዛ ቆማ ሳለ ዳኛው ጠጋ ብለው «ማን ኮተኮተልሽ፣ የኔ ልጅ?» ብለው ሲጠይቋት «እኔው ነኝ፣ ጋሼ፤ ውኃውን ግን ፈተና ሰሞን እትዬ ናት የቀዳችልኝ» አለች። ደብተሯን ሲገልጡ በጥር ሁለት ሳምንት ላይ «ውኃ፦ እትዬ» የሚል ተጽፎ አገኙ። ሳቅ ብለው አንገታቸውን ነቀነቁና ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም።

ዝግጅቱ ሲያበቃ ለምግብ የሚሆነው ሳይጠወልግ ይከፋፈላል። ቅመማ ቅመሙ ወደ ቤት ተመልሶ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል። ሁለትና ሦስት ቀን ብርሃን ላይ ቆይቶ አረንጓዴ የሆነው ድንች ግን ወጥ ውስጥ አይገባም፤ ካልቆሰለና ካልታመመ ብርሃን ባለበት ጥላ ላይ ተዘርግቶ እስኪጎነቁል ይጠበቅና ለሚቀጥለው ወቅት ዘር ይሆናል።